ሦስተኛው ቤት ላይ የሚነሣ ሳል

ሰው ዘመድ አገኘሁ ብሎ ነው የሚደሰተው። እኛ ቤት ግን ባለፈው እሁድ እልልታው የቀለጠው ዘመድ አለመሆናችን ስለተረጋገጠ ነው። እናቴ "ተመስገን፣ ምናችንም አይደላችሁም" እያለች ከዳባት የመጡትን እንግዶች አንድ በአንድ አገላብጣ ሳመቻቸው። እነሱም "እናንተም ምናችንም አይደላችሁም" እያሉ አቀፏት። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ቢሰማ ጠብ መስሎት ሊገላግል ይገባ ነበር።

ደስታዬን አልደብቅም። እኅቴ ትርንጎ ልታገባ ነው። ሰርጉ ፈርሶ ነበር፣ አሁን ተጠግኗል። ያፈረስኩትም የጠገንኩትም እኔ ስለሆንኩ ይህን ወግ ከእኔ የተሻለ የሚጽፈው የለም። በዚያ ላይ የአማርኛ አስተማሪያችን "እጅሽ ተፈቷል" ብለውኛል። ደባርቅ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ቀርቶ ከሆነ ይኸው አሁን ሰማ።

ከሰርጉ በፊት ግን ስለ ቤታችን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል። እኛ ቤት መሰላል አይወጣም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ "የእኛ ዘር መሰላል አይሆነውም" ሲባሉ አድገው ለልጆቻቸው አስተላለፉ፣ ልጆቻቸው ለእኛ። አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት እንጠራለን። ጎረቤት ከሌለ በጨለማ እንቀመጣለን። አባቴ ግንበኛ ነው፤ የሚገነባው እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ሌላ ሰው ቀጥሮ ያስገነባና እሱ ከታች ሆኖ "ጠማማ ነው፣ ወደ ግራ" እያለ ይጮኻል።

አሁን ወደ ሰርጉ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሁለቱም ወገን ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው እከሌ የእከሌ ልጅ፣ እከሌ የእከሌ ልጅ እያሉ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ልጆቹ ወንድምና እኅት ናቸው። ትርንጎና የምታገባው አበጀ የተዋወቁት እሷ እናቴን ለማሳከም ዳባት ወርዳ፣ እሱ እዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኖ ሲሠራ ነው። ሲዋደዱ ቆይተው ቤት ተቆጠረ። አባባ ጀመሩ፦ "ትርንጎ የመኳንንት ልጅ፤ መኳንንት የእኔ ልጅ፤ እኔ የ..." አሉና ሳል ያዛቸው። ውሃ ቀረበ፣ ጀርባቸው ተመታ። ሳሉ ሲለቃቸው አራተኛው ቤት ላይ ነበሩ። የአበጀ አባት ደግሞ በተራቸው ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ "እስቲ ጠላ ቅዱልኝ" አሉ፤ ጠላው ተቀድቶ፣ ተመስግኖ፣ ተጠጥቶ ሲያበቃ እሳቸውም አራተኛው ላይ ነበሩ። ሁሉም ተመራረቀ። ንጹሕ ናችሁ ተባለ።

እዚህ ላይ እኔ ብዕር አነሣሁ።

ለትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል "ከቤተሰቤ ታሪክ" የሚል ጽሑፍ እንዳቀርብ ተመርጬ ነበር። ከጎታችን ኋላ የሽንኩርት ዘር የምናስቀምጥበት ረዘም ያለ ቀይ ቆብ አለ። እናቴን ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት። በሩን ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የአባባ አባት ነው" አለችኝ። "ጥሊያን ገና አገራችን ሳይገባ ለደመወዝ ብሎ ለጥሊያን ወታደርነት የተቀጠረ ነው። ባሕር አሻግረው ትሪፖሊ ወሰዱት፣ ሲመለስ ያነክስ ነበር። አባባ ድክ ድክ ሲሉ ሞተባቸው። እሳቸው ፊት እንዳታነሽው፣ ያስላቸዋል።"

በቃ፣ ይህን ታህል ነው የሰማሁት። እኔ ከዚህ ተነሥቼ የጻፍኩትን ግን ብታዩ። ቅድመ አያቴን በአንድ አንቀጽ በረሃ አሻገርኩት። በሁለተኛው አንቀጽ ጥይት እግሩን መታው። በሦስተኛው እያነከሰ ጓዶቹን አስከትሎ ምሽግ ሰበረ። በማይክሮፎን ሳነበው ጭብጨባው ግቢውን አናጋው። ከኋላ አንዱ "የባንዳ ዘር" አለ፤ እኔ ግን ጥይቱ ከመታው በኋላ ያለው ክፍል ላይ ስለነበርኩ አልመለስኩለትም።

አበጀ የወደፊት ሚስቱ እኅት እንዲህ ስትናገር ኮርቶ በስልኩ ቀረጸኝ። ኮርቶም አልቀረ፣ ለቤተሰቡ በቴሌግራም ላከው።

በማግስቱ ከትምህርት ተመልሼ ትርንጎ ሹሩባ እየሠራችልኝ ነበር። የራሴ ግራ በኩል አልቆ ቀኙ ገና እንደ ተበተነ የአበጀ አክስት እትዬ ዝማም ከዳባት ደረሱ። እትዬ ዝማም ገበያ ላይ እህል የሚሸጡ፣ ከእጃቸው አንዲት ፍሬ የማታመልጥ ሴት ናቸው። በራችን ላይ ተደናቀፉና ገና ሳይቀመጡ፣

"እናንተ ቤት መብራት የለም እንዴ?" አሉ።

"አለ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ነው" አለች እናቴ።

"አትቀይሩትም?"

"ጎረቤታችን ለቅሶ ሄዷል።"

እትዬ ዝማም ይህን ሰምተው ትንሽ አሰቡና ተዉት። እህል አልቀምስም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንች ልጅ፣ ያን ንግግርሽን እስቲ ድገሚልኝ" አሉኝ። እኔ አድናቆት መሰለኝ። በግማሽ ሹሩባ ብድግ ብዬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ ምሽጉ አነበነብኩላቸው።

"ያነክስ ነበር አልሽ?"

"አዎ፣ እትዬ። ጥይት መትቶት።"

"የእኛም ያነክስ ነበር" አሉ። "የእኛም ለጥሊያን ተቀጥሮ ትሪፖሊ ሄዶ የመጣ ነው። ቀይ ቆቡ አሁንም አለ፣ ዶሮ ትተኛበታለች። ወንድሜ ቤት ሲቆጥር እሱ ጋ ሲደርስ ነው ጠላ የሚጠማው። የአበጀ ቅድመ አያት ነው።"

አባባ ጥግ ሆነው ማሳል ጀመሩ።

እትዬ ዝማም ቀጠሉ። "የእናንተ ሰው ደባርቅ የገባው ከየት መጥቶ ነው?"

አባባ ሳላቸውን እየዋጡ "ከዳባት በኩል ነው የሚባል" አሉ።

"እንግዲህ የእኛው ዳባት ሁለት ክረምት ተቀምጦ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከዚያ ወጥቶ ቀረ። ወዴት ወጣ ብትሉኝ ወደ ደባርቅ በኩል ነው የሚባል።"

የንስሐ አባታችን መምሬ ተጠሩ። አባቴ "ስማቸው እኮ ለየቅል ነው፣ የእኛ ታረቀኝ፣ የእነሱ ውብነህ" ብሎ ተከራከረ። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰው የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ጀግና ነኝ ካለ የፈረስ ስም ይጨምራል። ጥሊያን ደግሞ ደስ ባለው ስም ይጠራዋል። በስም አይፈረድም። ሁለት ቤት የሠራ አንድ ሰው ከሆነ እነዚህ ልጆች ሦስተኛው ቤት ላይ ተገናኝተዋል። እንዲህ እያለ ተክሊል ማድረስ አልችልም፣ ልጆቼ።"

ትርንጎ አላለቀሰችም። ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሹሩባዬ ግማሽ ላይ ቀረ። ሌላ ሰው እንዳይሠራልኝ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ አስጠንቅቃ ነበር። እናም ያን ሳምንት በግራ በኩል ሥርዓት ያላት፣ በቀኝ በኩል ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር የታገለች ልጅ መስዬ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። ሲጠይቁኝ ፋሽን ነው አልኩ። ሁለት ልጆች አምነውኝ እንደኔ አሠሩ።

ጥፋቴን በራሴ ላስተካክል ብዬ ስለ ትሪፖሊ ዘማቾች ሽማግሌዎችን መጠየቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው "ከዚህ አገር ለጥሊያን ተቀጥሮ የሄደ የለም፣ የተከበረ አገር ነው" አሉኝ። ልወጣ ስል በሹክሹክታ "ከፈለግሽ ግን የዚያን የጎረቤቴን አያት ጠይቂ" አሉ። ጎረቤታቸው ዘንድ ሄድኩ። "የለም፣ ማን ነገረሽ" ብለው ተቆጡና በር ድረስ ሸኝተው ወደ ላይኛው ቤት ጠቆሙኝ። ላይኛው ቤት ያሉት ሰውየ መልሰው የመጀመሪያውን ሽማግሌ ጠቆሙኝ። ደባርቅን እንዲህ ዞርኩት። ማንም አልሄደም፤ የሁሉም ጎረቤት ግን ሄዷል።

በመጨረሻ መምሬ አዘኑልኝ መሰለኝ "አምባራስ በሚባለው መንደር እማሆይ ወለተ ሥላሴ አሉ" አሉኝ። "በልጅነታቸው ደባርቅ ነበር የተዳሩት። ያን ዘመን ያየ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። እማሆይ የሚሉትን እኔ እቀበላለሁ።" እትዬ ዝማም ይህን ሲሰሙ "እኔም በጆሮየ ካልሰማሁ አላምንም" ብለው አብረውኝ ለመሄድ መጡ። ትርንጎም መጣች። እኔን ግን አላናገረችኝም፤ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእኔ አጠገብ መጣች።

የሄድነው በአይሱዙ ነው። እትዬ ዝማም ጋቢና ገቡ። እኔና ትርንጎ ከሲሚንቶና ከጨው ጆንያ በላይ ተቀመጥን። መንገዱ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ገደሉ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ብቅ ሲል ማስመለስ ጀመርኩ። ከሳንቃበር በኋላ ያለውን አገር ውበት ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ እኔ ያየሁት በጭነቱ ጠርዝ ላይ ተደፍቼ መሬት መሬቱን ነው። መኪናው ሲቆም እትዬ ዝማም ወጥተው አዩኝና "አይዞሽ፣ ትሪፖሊ ልንደርስ ነው" አሉኝ። ትርንጎ ያኔ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን መለሰችው፤ እኔ ግን ቆጥሬባታለሁ።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ጎጆአቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ትንሽዬ ሆነዋል፤ ዓይናቸው ግን ሁሉን ያያል። መጀመሪያ ያዩት ሹሩባዬን ነው።

"ምነው ልጄ፣ ሠሪሽ ሞተችብሽ?"

"አኩርፋኝ ነው፣ እማሆይ።"

"ካኮረፈችሽ ምክንያት አላት" አሉ።

እትዬ ዝማም ጉልበት ስመው ጉዳዩን አስረዱ። ትሪፖሊ ሄዶ የመጣ፣ የሚያነክስ፣ ቀይ ቆብ ያለው ሰው፣ አንድ ነው ወይስ ሁለት? እማሆይ ገና ሳይጨርሱላቸው መሣቅ ጀመሩ።

"ሁለቱ አንካሶች?" አሉ። "ሁለት ነበሩ እንጂ። አንዱ ግራ እግሩን፣ አንዱ ቀኝ እግሩን ነበር። አብረው ሲሄዱ ማየት ነው። ይህ በዚህ፣ ያ በዚያ ከሆኑ ትከሻቸው ይጋጫል። ቦታ ከተለዋወጡ ደግሞ የተጣሉ ይመስል ይራራቃሉ። እኛ ልጆች ከኋላ ከኋላ እየተከተልን እንስቅ ነበር።"

ትርንጎ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ እንዳኮረፈች ትዝ አላትና ለቀቀችኝ።

"በሰርጌ ቀን ነው የተጣሉት" ብለው ቀጠሉ እማሆይ። "ገና ሕፃን ነበርኩ፣ ሸፋፍነው አስቀምጠውኛል፤ እኔ ደግሞ በቀዳዳ አያለሁ። ያ ጥይት ግራ እግሩን የመታው ብድግ ብሎ መፎከር ጀመረ። ይህን ያህል ገደልኩ፣ ያን መንደር አቃጠልኩ አለ። ሰው ጸጥ አለ፤ ለማን ብሎ እንደሆነ ሁሉም ያውቃላ። ያ ቀኝ እግሩን የሚያነክሰው መደብ ላይ እንደ ተቀመጠ 'ሰዎቹ ምን አርገውህ ነው?' አለው። 'ርስትህን ወሰዱ? በሬህን ነዱ? ምን አርገውህ ነው የገደልካቸው?' አለው። ፎካሪው ምን አለ መሰለሽ? 'አንተ ደግሞ ጦርነቱን መች አየኸው? ከመርከቡ ስንወርድ ከመሰላሉ ወድቀህ እግርህን ሰብረህ፣ እኛ ስንዋጋ አንተ ግመል ስታጠጣ አይደለም የከረምከው?' አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሙሽራ መሆኔን ረስቼ ሳቅሁ። አማቴ በሽፋኑ ውስጥ እጇን ልካ ቆነጠጠችኝ።"

እትዬ ዝማም ቀና አሉ። "የጥይቱ የእኛ ነው። ሲበርደው 'ጥይቷ ተነሣች' እያለ ይጮህ ነበር ይባላል፤ ግራ እግሩን ነው።" ትንሽ ኮሩ። ከዚያ የእህል ነጋዴነታቸው መጣባቸው። "ግን እማሆይ፣ ሁለት ሰው መኖሩ ሁለት ቤት መኖሩን አያሳይም። የጥይቱ ሰው እኛ ዘንድ ወልዶ፣ ደባርቅ ወጥቶ እነሱ ዘንድም ወልዶ ቢሆንስ? እነሱም እኮ ያሉት ጥይት የመታው ነው። ይች ልጅ በማይክሮፎን ተናግራዋለች፤ ስልኬ ላይ አለ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግን መሰላሉን ከሰማሁ ጀምሮ ሌላ ቦታ ነበርኩ። አምፖላችን ታየኝ። አባቴ ከታች ሆኖ "ወደ ግራ" ሲል ታየኝ። ያ ምሽግ የሰበረው፣ ወላጆች ቆመው ያጨበጨቡለት ቅድመ አያቴ እያነከሰ ወደ ግመሎቹ ሲሄድ ታየኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አመመኝ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ያ ምሽግ ነው የሚያምረው። ግን ትርንጎ እያየችኝ ነበር፣ በሙሉ ዓይኗ።

"ጥይቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት" አልኩ።

"ጨመርኩት ማለት?" አሉ እትዬ ዝማም።

"ለጽሑፉ ውበት ብዬ።"

"ሰው ቅድመ አያቱን ለውበት ብሎ በጥይት ይመታል?"

"እናቴ የነገረችኝ ማንከሱን ብቻ ነው። እትዬ፣ የእኛ የመሰላሉ ነው። እኛ ቤት እስከ ዛሬ መሰላል የሚወጣ ሰው የለም። አባባ አይወጡም፣ አባቴ ግንበኛ ሆኖ አይወጣም። ለምን እንደሆነ እኛም አናውቅም ነበር።"

እትዬ ዝማም አፋቸውን ከፈቱ። "ለዚህ ነው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ለዚህ ነው አምፖል ለመቀየር ጎረቤት ከለቅሶ እስኪመለስ የምትጠብቁት?"

"ለዚህ ነው።"

እትዬ ዝማም ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ "አንድ ሰው ወድቆ አገር ሙሉ መሬት ላይ ቀረ" አሉ። እማሆይም ሳቁ። ትርንጎ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ ስቄያለሁ ማለት እችላለሁ።

ሲረጋጉ እትዬ ዝማም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። "ኋላ ጥሊያን አገራችንን ሲይዝ የድሮ ወታደሮቹን መጥራቱ አይቀርም። ያኔ እነሱ ምን ሆኑ?"

"የመሰላሉን ሰው ልከውበት ነበር። እግሬ አይችልም ብሎ ቀረ፤ የዚያን ጊዜ ያነከሰውን ያህል አንክሶ አያውቅም ይሉ ነበር። የጥይቱን አላውቅም። የማላውቀውን አልናገርም፣ ልጄ።"

እትዬ ዝማም መሬቱን አዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥይቱ አልኮሩም። ስንመለስ ጋቢናውን ለእኔ ለቀቁልኝና እሳቸው ከትርንጎ ጋር ጆንያ ላይ ወጡ።

ቤት ስንደርስ ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ግመሉን ነገርኳቸው፣ መሰላሉን ነገርኳቸው። ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"'ሰዎቹ ምን አርገውህ ነው?' አለው?"

"አዎ አባባ። ቤት ሙሉ ሰው ፊት።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። "ዕድሜዬን ሙሉ" አሉ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ምስኪን ገድሎ መጣ እያልኩ ነው የኖርኩት።" የዚያን ቀን አላሳላቸውም።

እሁድ መምሬ ባሉበት ቤት እንደገና ተቆጠረ። እናቴ ልማድ ሆኖባት የውሃውን ጣሳ ይዛ አባባ አጠገብ ቆማለች። "ትርንጎ የመኳንንት ልጅ" አሉ አባባ። "መኳንንት የእኔ ልጅ።" እናቴ ጣሳውን አስጠጋች። አባባ ቀና ብለው፣ ጆሮ የደከመው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "እኔ የታረቀኝ ልጅ" አሉ። ቀጠሉ፣ እስከ ሰባት። ውሃው ተረፈ። የአበጀ አባትም ውብነህን በስሙ ጠርተው አለፉ። ጠላ የጠየቁት ሰባተኛው ካለቀ በኋላ ነው፣ ያም በእውነት ስለጠማቸው ነው። ያኔ ነው እናቴ "ምናችንም አይደላችሁም" እያለች መሳም የጀመረችው።

ትርንጎ በዚያ ግርግር መሃል ጎተተችኝና ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ የቀረውን ሹሩባ ጨረሰችው። ከወትሮው አጥብቃ ነው የሠራችው፣ ዓይኔ እስኪሳብ። ተገቢ ነው ብዬ ቻልኩት።

ሰኞ በሰልፍ ላይ አስተማሪዬን አስፈቅጄ ጽሑፌን አርሜ አነበብኩ። ምሽጉን አወጣሁ፣ መሰላሉን አስገባሁ። እንደ ፊቱ አልተጨበጨበልኝም፤ ተሳቀልኝ፣ እኔም በሳቁ ነው የኮራሁት። ያ ከኋላ ባንዳ ያለኝ ልጅ መጥቶ "የእኛም ቤት አንድ ሰው ላይ ሲደርሱ ወሬ ይቀይራሉ" አለኝ። አበጀ ይህንንም ቀርጾ ለዳባቶቹ ልኮታል።

እንግዲህ ሰርጉ ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ተጠርታችኋል። ደባርቅ መናኸሪያ ወርዳችሁ መሰላል የማይወጡት ሰዎች ቤት የት ነው በሉ፤ ከአሁን በኋላ የማያውቅ የለም። ቤታችሁ የሚያስላቸው ትልቅ ሰው ካሉ ይዛችኋቸው ኑ፣ ከአባባ አጠገብ እናስቀምጣቸዋለን። ዳሱ ላይ ደግሞ ብዙ አምፖል መሰቀል አለበት፤ ጎረቤታችን ብቻውን አይችለውም። መሰላል የሚወጣ ሰው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ይድረስልን። ከታች መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ።